ለቅሶ ቤት የማይቀመጠው ሸረፈዲን

ኮምቦልቻ፣ እኛ ሰፈር፣ ሸረፈዲንን የማያውቅ የለም። ሰው ሲሞት ጎህ ሲቀድ በየደጃፉ እየዞረ የሚጣራው እሱ ነው፤ የቅሬው፣ የቀብር ማኅበራችን፣ ጠሪ ነው። ጠሪ ከመሆኑ በፊት ግን ሰው የሚያውቀው ለቅሶ ቤት የማይቀመጥ ሰው ብሎ ነበር። ባለቤቴ ነው። ስለሱ የምጽፈው ከሌላው የተለየ ሰው ስለሆነ አይደለም። እንደሱ ያለው በየቤቱ እንዳለ ያወቅነው ዘግይተን ነው።

የተወለደው ሐርቡ አጠገብ ነው። አባቱ በልጅነቱ ሞቱበት። እናቱ ቡዜ መሬታቸውን ለእኩል አራሽ እየሰጡ አሳደጉት። ጎረምሳ ሲሆን ኮምቦልቻ መጥቶ ፋብሪካ ገባ። ሥራው በሽቦ የታሰረ የጥጥ ጥቅል ከመኪና እያወረዱ መጋዘን ውስጥ መደርደር ነበር። እኔ ከአምስተኛ ክፍል ወጥቼ እዚያው ፈትል ክፍል ተቀጥሬ ነበር። የተያየነው በር ላይ ነው፣ ፈረቃ ስንቀያየር፣ እሱ ሲገባ እኔ ስወጣ። ከተጋባንም በኋላ ለብዙ ዓመት ኑሯችን እንደዚያው ነበር፤ አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል።

ጠንካራ ሰው ነበር። መቃብር ሲቆፈር ዶማውን መጀመሪያ የሚያነሳው እሱ ነው። «ሸረፈዲን ካለ ሌላው ይረፍ» ይሉ ነበር።

ሕመሙ ሲጀምረው ጥቅል እያነሳ አልነበረም። አንድ ቀን ደጃፋችን ላይ ለውዱእ እግሩን ሊያጥብ ጎንበስ እንዳለ ቀረ። ከኋላ ሆኜ ሳየው የወደቀበትን ነገር የሚፈልግ መስሎኝ ነበር። ቀና ሲል ፊቱ አመድ መስሏል። ከወገቡ ተነስቶ በመቀመጫው አልፎ በግራ እግሩ እስከ ጣቱ ወረደ አለኝ።

«እግሬ ውስጥ ያንን የጥቅል ሽቦ አስገብቶ የሚጎትተኝ ሰው ያለ ይመስለኛል።»

የሚያመው እግሩን ስለሆነ ሁላችንም ያከምነው እግሩን ነው። አንዱ ቁርጥማት ነው አለ፣ ነጭ ሽንኩርትና ጥቁር አዝሙድ በላ። አንዱ መጥፎ ደም ነው አለ፣ ባቱ ላይ ዋግምት ተደረገለት። ደጋን ከተማ ያሉ ወጌሻ ጉልበቱን በቅቤ አሹት፤ ሲመለስ ጉልበቱ ያብረቀርቃል፣ ሕመሙ ግን እንዳለ ነው። ቀን እየሠራ ማታ ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል። መተኛት አስቸገረው። ከሁሉ የባሰበት ግን መቀመጥ ነበር። እራት ሲቀርብ ሳህኑን ይዞ ቆሞ ይበላል። እማ ቡዜ ያኔ አርጅተው ከሐርቡ እኛ ጋ መጥተው ነበርና፣ ከአልጋቸው ሆነው ያዩታል።

«አንተ ልጅ፣ የት ልትሄድ ነው?»

«የትም አልሄድ እማ።»

«እንግዲያ ተቀመጥ። እንደ እንግዳ ቆመህ አትብላ።»

በመጨረሻ ደሴ ሐኪም ቤት ሄድን። መሄዱ ራሱ አንድ ሥራ ነበር። ሚኒባሱ ውስጥ መቀመጥ አልቻለም። ረዳቱ «ጋሼ፣ ይቀመጡ እንጂ» አለው።

«ብቆም አይሻልም?»

«መቆም ከፈለጉ ጣሪያው ላይ በግ ጭነናል፣ ከሱ ጋ ላድርግዎ።»

ሰው ሳቀ። እሱ ወንበሩ ላይ በጉልበቱ ተንበርክኮ መደገፊያውን አቅፎ፣ ፊቱን ወደ ኋላ አዞረ። ከኋላችን ሽንኩርት በከረጢት ያቀፈች ሴት ነበረች። የሐረጎን ዳገት መውጣት እስክንጀምር ታየው ነበር።

«ሰውዬ፣ እስከ ደሴ ድረስ ፊቴን ስታይ ልትውል ነው?»

«አፉ በይኝ እህቴ። ዓይኔን እጨፍናለሁ።»

«ተወው፣ ገባኝ። ወገብህን ነው አይደል? የኔም ባል እንዲሁ ተንበርክኮ ነው ምሳውን የሚበላው። ልጆቹ ሁልጊዜ የሚሰግድ ይመስላቸዋል።»

ሐኪሟ ዶክተር ጽናት የምትባል ወጣት ናት። አስተኝታ እግሩን ቀጥ አድርጋ ስታነሳው ጮኸ። የወገብ ፎቶ አዘዘች። ተነስቶ ወደ እሷ ተመለስን። ሐርቡ ከአጎቱ ልጅ ጋር የነበረንን የበሬ ድርሻ የበላው ያ ፎቶና መድኃኒቱ ነው። ከሥራ የቀረባቸው ቀኖች ሲጨመሩ የቀረው በሬም ቢኖር ይሄድ ነበር።

«የሚያምዎት እግርዎን ነው፤ የታመመው ግን ወገብዎ ነው» አለችው። «በአጥንቶቹ መሀል ያለው ዲስክ ከቦታው ወጣ ብሎ ወደ እግር የሚወርደውን ነርቭ ተጭኖታል።»

«ዶክተር፣ እንዲህ የሚሆነው እኔ ብቻ ነኝ?»

«ሲወጡ ኮሪደሩን ይዩት» አለችው። «ብዙ አዋቂ በዕድሜው አንድ ጊዜ ወገቡን ያመዋል። እንዲህ እግር ድረስ የሚወርድባቸውም ጥቂት አይደሉም። አብዛኛው ጊዜ ይፍጅ እንጂ ይሻለዋል። እርስዎ ግን ከባድ አያንሱ፣ ጎንበስ ብለው አይቆፍሩ፣ ብዙ አይቀመጡ። መራመድ ጥሩ ነው፣ ይራመዱ። እግርዎ ከሰነፈ ወይም ሽንት ካስቸገረዎት ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ይምጡ።»

ስንወጣ አየነው። አግዳሚው ወንበር ባዶ ቦታ እያለው ግማሹ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ሸረፈዲን አንዱን ሰውዬ ሰላም አለው፤ ሰውዬውም አገጩን ወደ እግሩ ነቅንቆ «ቀኝ» ብቻ አለው። ሸረፈዲን «ግራ» አለ። ሌላ አልተነጋገሩም። ቁልቁል ወደ መነኻሪያው ስንሄድ ግን ሲስቅ ሰማሁት፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ መሳቁ ነበር።

«ይህን ነገር ለማንም እንዳትናገሪ» አለኝ። «ዲስክ አለበት ከተባለ መጋዘን ማን ያስገባኛል?»

አልተናገርኩም። መጋዘን ውስጥም ጓደኞቹ ሳያውቁ ቀለል ያለውን እየመረጠ ይሠራ ጀመር። መስጊድ ውስጥ አልተቸገረም። ለታመመ ሰው በሶላት ላይ መንገድ አለው፤ ጥግ ይዞ እንደሚችለው ይሰግዳል፣ ለምን ብሎ የጠየቀው የለም። የተቸገረው ቅሬው ላይ ነው።

ሌላ አገር ዕድር የሚሉትን እኛ ቅሬ እንለዋለን። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ነው የሚቀባበረው። ወንዱ ይቆፍራል፣ ይሸከማል፣ ከዚያ ድንኳን ውስጥ ከሐዘንተኛው ጋር ይቀመጣል። ሴቷ ውሃና እንጨት ታመጣለች፣ ታበስላለች። መዋጮም አለ፣ ግን ሰው የሚታየው በመዋጮው አይደለም። ለቅሶ መድረስ ማለት መቀመጥ ማለት ነው። መጥቶ ሳይቀመጥ የሄደ እንዳልመጣ ነው። ቆሞ የሚያይ ደግሞ ከቀረውም ይብሳል። ደጋግሞ ያጎደለ ሰው ይመከራል፤ ካልተመለሰ ይሰረዛል። ከተሰረዘ ቤቱ ሰው ሲሞት ማንም አይወጣለትም።

እማ ቡዜ ይህን በዓይናቸው አይተዋል። በልጅነታቸው ከቅሬ የወጣ አንድ ሰው ሚስቱ ሞታ በጋሪ ጭኖ፣ አህያውን ራሱ እየጎተተ ሲሄድ አይተዋል። የሚፈሩት መሞትን አልነበረም፤ ያንን ጋሪ ነው። ከአልጋ መነሳት ካቆሙ ወዲህ ልጃቸው ሲገባ መጀመሪያ የሚጠይቁት ስለዚሁ ሆነ።

«ቅሬው ውስጥ ነህ ወይ?»

«አለሁ እማ። አብሽሪ።»

የሚስባህ አባት የሞቱት በዚህ መሀል ነው። ሚስባህ አስፋልቱ ዳር የሕንፃ መሣሪያ መደብር ያለው፣ ሰው የሚያከብረው፣ ትንሽ ቁጡ ሰው ነው። ሸረፈዲን ቀብር ሄደ፤ ዶማ ሲያቀብሉት አልተቀበለም። ድንኳን መጣ፤ ተቀመጥ ሲሉት ተቀመጠ፣ ብዙ ሳይቆይ ፊቱ በላብ ተጠምቆ ተነሳ። ምሰሶው ሥር ቆመ። ወጣ፣ ተመላለሰ፣ ገባ፣ ዱአ አደረገና ሄደ። በሦስቱም ቀን እንዲሁ ነበር። በማግስቱ ደግሞ በቦርከና ወንዝ ዳር ሲራመድ ሰው አየው። ሐኪሟ ተራመድ ብላው ነው፤ ግን ይህን የሚያውቀው ማነው?

ሚስባህ ለቅሬው ከሰሰው።

ስብሰባው እሑድ ጠዋት የቅሬው ዕቃ ቤት ፊት ለፊት ተደረገ። ወንዶቹ ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ፣ እኛ ሴቶች በግድግዳው በኩል ነበርን። ሸረፈዲን ከቤት ሲወጣ እናቱ «የት ነው?» ብለውት «ገበያ» ብሏቸው ነበር።

የቅሬው ዳኛ አያ መሕሙድ «ሸረፈዲን፣ ተቀመጥና እንነጋገር» አሉት።

«አያ መሕሙድ፣ አፉ ይበሉኝ፣ ቆሜ ልናገር።»

«ይኸው» አለ ሚስባህ። «እዚህም አይቀመጥም። እኛ መሬት ላይ ሆነን እሱ እንደ ሚናራ ከላይ ያየናል።»

«ተወው፣ ጥላ ይሁነን» አለ አግማስ። አግማስ ጎረቤታችን ነው፣ በር የሚበይድ፣ ነገር ሲከር ማላገጥ የሚወድ ክርስቲያን። ጥቂት ሰው ሳቀ። አያ መሕሙድ አልሳቁም።

«ዶማ አልቀበልም ብለሃል። ድንኳን ገብተህ አልተቀመጥክም። የምትለው ካለህ ተናገር፣ እንስማህ። ከሌለህ ደንቡን ታውቀዋለህ።»

ከፊት ረድፍ ሀፊዝ ተቀምጧል። የመጋዘኑ አለቃ ነው፣ የቅሬው አባልም ነው። ሸረፈዲን አንዴ እሱን አየው፣ አንዴ ወደኛ ቤት አቅጣጫ አየ። ምን እንደሚያስብ አውቅ ነበር። ከተናገረ ሥራው ይሄዳል። ካልተናገረ እናቱን ጋሪ ላይ ይጭናል።

«ታምሜ ነው» አለ። «መቆፈር አልችልም። መሸከም አልችልም። ከሁሉ በላይ መቀመጥ አልችልም። የወገቤ ዲስክ ወጥቶ ነርቭ ተጭኖብኛል። ደሴ ታይቻለሁ።»

«መሄድ ግን ትችላለህ» አለ ሚስባህ። «ቦርከና ዳር ስትንሸራሸር ታይተሃል።»

«ስሄድ ነው የሚሻለኝ።»

«ምን ዓይነት በሽታ ነው ይኼ? ለራሱ ሲሆን የሚያስኬደው፣ ለሰው ሲሆን የማያስቀምጠው።»

«ወላሂ እኔም አላውቀው» አለ ሸረፈዲን። «ቢቻል ተቀምጬ ባለቅስልህ ደስ ባለኝ። አባትህ ለኔም አባት ነበሩ።»

አያ መሕሙድ ከዘራቸውን ምንጣፉ ላይ አጋደሙ። «ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን ዝም አልክ?»

«እንጀራዬን ፈራሁ።»

ሀፊዝ አንገቱን ደፋ።

«እሺ ታመመ እንበል» አለ ሚስባህ። «ያልቆፈረ፣ ያልተሸከመ፣ ያልተቀመጠ ሰው ለቅሬው ምን አደረገ ይባላል?»

«ይዙር» አለ አግማስ። «ጣሀ ደሴ ልጁ ጋ ከሄደ ወዲህ ጠሪ የለንም። ስልክ እንደዋወላለን፣ ግማሹ አያነሳም። ባለፈው እኔ የደረስኩት አፈሩ ከተመለሰ በኋላ ነው። ብርድ ጭቃ ሳይል ጎህ ሲቀድ የሚዞር ሰው ፈልገን አጥተን፣ አላህ ካልዞርኩ ያመኛል የሚል ሰው ሲሰጠን ልናባርረው ነው?»

«አንተ በአላህ ምን አገባህ» አለው አንዱ።

«እሱን የሚጠሩት ጎረቤቶቼ ናቸው» አለ አግማስ። አሁን አያ መሕሙድም ሳቁ።

ሚስባህ ግን አልለቀቀም። «መጥራቱስ ይጥራ። ለቅሶውስ?»

አያ መሕሙድ አሰቡበት። «መጥቶ ይቁም» አሉ። «ግን እንደ እስከ ዛሬው ወጣ ገባ እያለ ቀድሞ አይሄድም። እኛ እስክንነሳ ይቆማል። ትችላለህ?»

«እቆማለሁ።»

እንዲህ ሆኖ ጠሪ ሆነ። ጠሪነት ማንም የሚመኘው ነገር አይደለም፤ ክፍያ የለውም፣ ውሻ አለው። እማ ቡዜ ሲሰሙ ግን ትንሽ ቀና አሉ።

«ቅሬው ውስጥ ነህ ወይ?»

«ጠሪያቸው ነኝ እማ።»

አሰብ አደረጉና «እንግዲያ የኔን ማን ይጠራል?» አሉት። ትራሳቸውን አስተካከለላቸው።

ፋብሪካው ኮንትራቱ ሲያልቅ አላደሰለትም። ሀፊዝን አልወቅሰውም፤ ቀና ብሎ ማየት አፍሮ በሌላ ሰው ነው ያስነገረው። እኔ ፈረቃ ደረብኩ። ሸረፈዲን ቤት ውስጥ የሚችለውን ይሠራል፣ እናቱን ያገላብጣል፣ ሰው ሲሞት ይዞራል።

በመዞሩ ነው ሌላውን ነገር ያወቀው። ስብሰባው ላይ የተናገረው በሰፈሩ ተወርቶ ስለነበር፣ ጎህ ሲቀድ «የቅሬ ሰው» ብሎ ደጅ ሲያንኳኳ፣ ሰዉ የሞተውን ጠይቆ ሲያበቃ በሩን ገርበብ አድርጎ ይይዘዋል። የባጃጅ ሹፌሩ በሽር ጠዋት ጠዋት ጫማውን የሚያስርለት ልጁ እንደሆነ ነገረው። ልብስ ሰፊዋ መርየም የመኪናውን መርገጫ በሌላው እግሯ መርገጥ ከጀመረች ቆየች። አንድ አስተማሪ ክፍል ውስጥ የማይቀመጠው ለትጋት ነው እየተባለ በየዓመቱ ይመሰገናል። ሸረፈዲን ሁሉንም አንድ ነገር ይጠይቃል፦ «የትኛው ነው?» አንዱ ግራ ይላል፣ ሌላው ቀኝ። ከዚያ ሐኪሟ ያለችውን ይነግራቸዋል፤ እግሩን አትሹት፣ ተራመዱ፣ እግራችሁ ከሰነፈ ግን አትቆዩ። ቤት ሲመለስ ለኔ ያወራልኛል። እኔ ለሥራ እየለበስኩ እሰማለሁ።

እሱም እየቆየ ተሻለው። ሽቦው አሁን ጉልበቱ ላይ ይቆማል፣ ወደ ታች የሚወርደው አልፎ አልፎ ነው። መቀመጥ ግን ዛሬም ብዙ አይችልም።

እማ ቡዜ ባለፈው ክረምት መውጫ ላይ፣ ከፈጅር ሶላት በኋላ አረፉ። ሸረፈዲን ዓይናቸውን ከከደነላቸው በኋላ ከልማዱ የተነሳ ጋቢውን አንስቶ ደጅ ወጣ። በሩ ላይ ሲደርስ ቆመ። ሐዘንተኛ የራሱን ለቅሶ ዞሮ አይጠራም። ምን እንደሚያደርግ ጠፍቶት ሳለ አግማስ የኛን ድምፅ ሰምቶ ባጥሩ በኩል መጣ። አየውና ወደ መንገዱ ወጣ።

ድምፁ ሻካራ ነው፣ አጠራሩንም አያውቅበትም። «የቅሬ ሰው» ይላል፤ ከዚያ የሚለው ይጠፋውና «የጠሪያችን እናት፣ ቡዜ፣ አልፈዋል፣ ውጡ፣ አትተኙ» ይላል። እየራቀ ሲሄድ እስከ ታችኛው መንገድ ድረስ ሰማነው። ከዚያ በሮች ሲከፈቱ ሰማን።

ብዙ ሰው ወጣ። ጎረምሶቹ ቆፈሩ። ጀናዛው ሲነሳ ሸረፈዲን ትከሻውን ሊሰጥ ተጠጋ፤ አያ መሕሙድ ክንዱን ይዘው ሳብ አደረጉት። እናቱን ሳይሸከም፣ እጁን አጣምሮ ከፊት ከፊት ሄደ። ያን ቀን ያየሁበት ከባዱ ነገር እሱ ነበር። ግን ጋሪ አልነበረም። ሰው ነበር፣ እየተቀባበለ።

ድንኳን ውስጥ ሐዘንተኛው ከላይ ተቀምጦ ነው ሰው የሚቀበለው። እሱ ምሰሶው ሥር ቆመ። የሚመጣው ሰው ሰላም ብሎ፣ ዱአ አድርጎ ይቀመጣል። አንዳንዱ ግን፣ ባጃጅ ነጂው በሽርም፣ ያ አስተማሪም፣ ከመቀመጣቸው በፊት ትንሽ አጠገቡ ቆሙ።

ሚስባህ ከሰዓት በኋላ መጣ። ከስብሰባው ወዲህ ሰላምታ እንጂ ንግግር አልነበራቸውም። ገባ፣ «አላህ ይዘንላቸው» አለ። ሰው ጠጋ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀለት። አልተቀመጠም። ከምሰሶው በወዲያ በኩል ሄዶ ቆመ። ቆየ። እኔ ውሃ ይዤ ሳልፍ አጠገባቸው ነበርኩ።

«ተቀመጥ እንጂ ሚስባህ» አለው ሸረፈዲን።

«ቆይ።»

ትንሽ ቆይቶ፣ ሰው እንዳይሰማው ዝቅ አድርጎ «ያቺ ሐኪም አሁንም ደሴ ናት?» አለው።

ሸረፈዲን ዞሮ አየው። «የትኛው ነው?»

«ቀኝ። ከረመዳን ወዲህ። ሱቅ ውስጥ መቀመጥ አቅቶኛል። ደንበኛ ይመጣል፣ እንደ ሚናራ…» አለና ሳይጨርሰው ተወው።

ሸረፈዲን አላሳፈረውም። «ናት» አለው። «ሚኒባስ ውስጥ ተንበርከክ። የሚስቅ ይስቅ።»

አግማስ ከምንጣፉ ላይ ሆኖ አያቸው። «የዚህን ድንኳን ምሰሶ ብትነቅሉት ምንም አይሆንም» አለ። ለቅሶ ቤት ነበርና ሰው ድምፁን አፍኖ ሳቀ። አያ መሕሙድ እስኪነሱ ድረስ ሁለቱም ቆሙ።

በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ተነቀለ። ሰው ተበተነ። እኔ የተዋስናቸውን ድስቶች ለማጠብ ከቧንቧው ውሃ ቀድቼ ስመለስ ጀሪካኑን አስቀምጬ፣ ወገቤን ይዤ፣ ቀና እስክል ቆየሁ። ሁልጊዜም እንደዚያ ነው የማደርገው። ሸረፈዲን ምሰሶው የነበረበት ጉድጓድ አጠገብ ቆሞ ሲያየኝ ነበር። የሰፈሩን ሰው ሁሉ ሲጠይቅ የከረመ ሰው ነው።

«ያንቺስ የትኛው ነው?» አለኝ።

«ሁለቱም» አልኩትና ጀሪካኑን አነሳሁ።